ሃያ የባሕር ጃርት፣ ሃምሳ ፒፒ
(ድሬዳዋ ውስጥ በወጣቶች ስብሰባ ላይ ያደረግኩት ንግግር። ከመድረኩ ላይ እንደተናገርኩት ነው ያስቀመጥኩት።)

ጤና ይስጥልኝ። አሰላሙ ዓለይኩም። አካም ጂርቱ። ነባድ።

የድሬ ልጆች፣ እንዴት አመሻችሁ? ኋላ ያላችሁት ይሰማችኋል? እጃችሁን አውጡልኝ። እሺ። በዚህ ሙቀት፣ በቅዳሜ ቀን፣ ጫቱንም ኳሱንም ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። እናቶች፣ እናንተም እንኳን መጣችሁ። ወንበር ያጣችሁ ወደ ፊት ኑ፣ ምንጣፉ ላይ ቦታ አለ።

እንዴት እዚህ እንደቆምኩ ልንገራችሁ። ከአሥር ቀን በፊት አራት ወጣቶች ቤቴ መጡ። "ጋሼ፣ አንተ ሜልበርን እያለህ ዓሣ ታጠምድ ነበር አሉ። እኛም እሁድ እሁድ ሐረማያ ሐይቅ እየወጣን መንጠቆ እንጥላለን። እዚያ አገር ሕጉ እንዴት ነው?" አሉኝ። ስንት ነገር መጠየቅ ሲችሉ ስለ ሕግ ጠየቁኝ። ይሄ በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ ማሰብ ጀመርኩ። ስለ ዓሣው መጠን ላውራ? ስለ መረብ ላውራ? በመጨረሻ የመረጥኩት ብዙ ሰው ልብ የማይለውን ነው። መንጠቆው ጫፍ ላይ ስለምንሰካው ምግብ። በተለይ ስለ ባሕር ዛጎሎችና ስለ ባሕር ጃርት።

"እኛ ባሕር የለን፣ የባሕር ጃርት ምን ያደርግልናል?" የሚል ይኖራል። ጥያቄው ልክ ነው። ግን ይህችን ከተማ የወለዳት ማን ነው? ባሕሩ አይደለም እንዴ? በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ባይደርስ ኖሮ ከዚራ የለም፣ ለገሃር የለም፣ እኔና እናንተም እዚህ የለንም። ከባሕሩ የሚለየን በባቡር ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደግሞም ዛሬ የማወራው ከባሕር ጀምሮ ሐረማያ ላይ ነው የሚያርፈው። ትንሽ ታገሱኝ።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። መጀመሪያ፣ መንጠቆ ላይ የሚሰካው ነገር ራሱ ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ለምን ይቆጠራል? ሦስተኛ፣ ከየት ነው የመጣው?

እንግዲህ አንደኛው።

አባዬ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ጅቡቲ ይዞኝ ሄደ። ባሕር አይቼ አላውቅም። ጠዋት ላይ ባሕሩ ሸሽቶ ቋጥኙ ሁሉ ወጥቷል። ጫማዬን አውልቄ ሮጥኩ። አባዬ "ቀስ!" ሲለኝ ዘገየ። አንድ ነገር እግሬን ወጋኝ። ጥቁር፣ ረጅም፣ መርፌ የመሰለ እሾህ ነው። ውስጥ ገብቶ ተሰበረ። ጩኸቴን አታንሱት።

እዚያ መንጠቆ የሚጥሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። መጥተው እግሬን ያዙ። ሎሚ ጨመቁበት፣ ከዚያ እሾሁን አንድ በአንድ አወጡልኝ። አባዬ ሶማልኛ ይችል ስለነበር ሲያወሩ ቆዩ። እኔም እያነባሁ ሽማግሌውን ማየት ቀጠልኩ። አንድ ድንጋይ ገለበጡ። ከሥሩ አራት አምስት ዛጎል ለቀሙ። ከዚያ ድንጋዩን ቀስ አድርገው እንደነበረ መለሱት። ሌላ ድንጋይ ገለበጡ፣ ሁለት ለቀሙ፣ መለሱት። አባዬ "ለምን ይመልሱታል? ማን ያየዎታል?" አላቸው። ሽማግሌው "ጣሪያቸው እኮ ነው። የሰው ቤት ገብተህ ጣሪያውን ነቅለህ ትሄዳለህ?" አሉት።

ያንን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከዓመታት በኋላ አውስትራሊያ ስደርስ ዓሣ አጥማጆችን የሚመክሩት ይህንኑ መሆኑን አየሁ። ድንጋይ ከገለበጥክ መልሰው። ከድንጋዩ ሥር ጥላና እርጥበት አለ። ባሕሩ ሲሸሽ ፀሐይ የሚበረታባቸው ትናንሽ ፍጥረታት የሚተርፉት እዚያ ነው። ገልብጠኸው ከሄድክ ከታች የነበሩት በፀሐይ ይሞታሉ፣ ከላይ የበቀለውም ታፍኖ ይሞታል።

የወጋኝ የባሕር ጃርት ነበር። ጃርቱን የምታውቁት የገጠር ልጆች ስሙን ስትሰሙ ገብቷችኋል። ብርቱካን የሚያክል ኳስ ነው፣ ዙሪያውን እሾህ። አፉ ከታች ነው። አምስት ጥርስ አለው። በእነዚያ ጥርሶች ቋጥኝ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ እየፋቀ ይበላል። ጥርሳቸው ጠንካራ የሆነ ዓሦች ደግሞ እሱን ሰብረው ይበላሉ። ለዚህ ነው አጥማጆች ለመንጠቆ የሚፈልጉት። መስል የሚባለው ጥቁር ዛጎልም እንዲሁ ነው። ሥጋው ለስላሳ ስለሆነ በቀጭን ክር መንጠቆው ላይ ይታሰራል። ዓሣው ሽታውን ከሩቅ ያውቀዋል።

ታዲያ አንድ ጃርት ቢነሳ ምን ይጎድላል? ስሙኝ። እ.ኤ.አ. በ1983 እና 1984 በካሪቢያን ባሕር ረጅም እሾህ ያለው ጃርት በበሽታ አለቀ። ከመቶው ከዘጠና በላይ ሞተ። ከዚያ ምን ሆነ? አረንጓዴውን የሚፍቅ ጠፋ። አረንጓዴው ኮራሉን፣ ያንን እንደ ድንጋይ የጠነከረ የባሕር ፍጥረት፣ ሸፈነው። ኮራሉ ታፈነ። እስከ ዛሬ በብዙ ቦታ አላገገመም። ያን ያህል ቦታ የሚጠርግ ጽዳት ሠራተኛ ነበር ማለት ነው፣ ማንም ሳያመሰግነው። ይህ የሩቅ ወሬ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 በቀይ ባሕር ሰሜን ጫፍ፣ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ፣ እግሬን የወጋኝ ዓይነት ጃርት በገፍ አልቋል። የእኛው ጎረቤት ባሕር ነው።

በተቃራኒው ደግሞ የአውስትራሊያዋን ደሴት ታስማኒያን እዩ። እዚያ ረጅም እሾህ ያለው ሌላ ጃርት ባሕሩ እየሞቀ ሲሄድ ወደ ደቡብ ወረደ። በዛ። የባሕር ውስጥ ጫካውን በልቶ በልቶ ባዶ ድንጋይ አስቀረው። ስለዚህ ሲጠፋም ጥፋት ነው፣ ሲበዛም ጥፋት ነው። ሕግ አውጪዎች አንዱ አገር "ውሰዱ"፣ ሌላው አገር "አትንኩ" ቢሉ አትገረሙ። ሕጉ ያንን ባሕር አይቶ ነው የሚወጣው።

ሁለተኛው ነጥብ ብዙ የማወራበት ነው። ለምን ይቆጠራል?

ሜልበርን የገባሁ ሰሞን ሥራዬ የሌሊት ነበር። ፉትስክሬይ የሚባል ሰፈር አለ። የሐበሻ ሱቅ፣ እንጀራ፣ ቡና፣ ሁሉ አለበት። እዚያ አንድ የሐረር ልጅ ተዋወቅኩ። ከሥራ ስንወጣ ጠዋት ዊሊያምስታውን የሚባል የባሕር ዳር እንሄድ ነበር። ዓሣ የማጥመድ ፈቃድ አውጥተናል። እዚያ አገር ለዓሣው ብቻ ሳይሆን ለመንጠቆ ምግብ ለመልቀምም ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህን እናውቅ ነበር። ያላወቅነው ሌላ ነው።

አንድ ቀን ባሕሩ ሸሽቷል። ቋጥኙ ላይ መስሉ ጥቁር ምንጣፍ መስሎ ተኝቷል። ባልዲ ይዤ ገባሁ። በጣቴ ለቀምኩ። ደስ ብሎኛል፣ ከሱቅ አልገዛም፣ ነፃ ነው። ቀና ስል አንዲት የዓሣ ጥበቃ ተቆጣጣሪ ቆማለች። በጣም ትሁት ነበረች። ፈቃዴን አየች። ከዚያ ባልዲውን ተቀብላ ቁጭ አለችና መቁጠር ጀመረች። አንድ በአንድ። ስልሳ ሦስት።

"ይህን ያህል ምን ያደርግልሃል?" አለችኝ። "ለመንጠቆ ነው። ትንሽ ነው የወሰድኩት" አልኳት። ወደ ባሕሩ አዙራ እያሳየችኝ "ዛሬ ጠዋት ከአንተ በፊት አሥራ አንድ ሰው አናግሬያለሁ። ሁሉም የሚለኝ 'ትንሽ ነው የወሰድኩት' ነው" አለች።

እስቲ እናስላው። ስልሳ ሦስት በአሥራ ሁለት ሰው። ሰባት መቶ ሃምሳ ስድስት። በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ቋጥኝ። ከተማው ውስጥ ደግሞ ሚሊዮኖች ይኖራሉ።

ፖርት ፊሊፕ በሚባለው በዚያ ባሕረ ሰላጤ፣ ውሃው ሲሞላ ከሚደርስበት መስመር ጀምሮ ሁለት ሜትር ጥልቀት እስካለው ድረስ ዛጎል መልቀም ጨርሶ ክልክል ነው። ለመብልም፣ ለመንጠቆም። ምልክቱ በሥዕል ተሠርቶ ከመግቢያው ላይ ቆሟል። በየቀኑ በአጠገቡ አልፌ አንብቤው አላውቅም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠችኝ። ባልዲዬን ይዤ ተመልሼ መስሎቹን ወደ ውሃው መለስኩ። ያን ቀን የተሰማኝን ሐፍረት ዛሬም እዚህ ቆሜ ይሰማኛል። ቅጣቱን ፈርቼ አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ የሽማግሌውን ትምህርት ሰምቼ፣ ትልቅ ሰው ሆኜ ስለረሳሁት ነው።

ከዚያ በኋላ ሕጉን በደንብ ማንበብ ጀመርኩ። ሲድኒ ባለችበት በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ፒፒ የሚባል አሸዋ ውስጥ የሚኖር ትንሽ ዛጎል አለ። ለመንጠቆ ብቻ ሃምሳ መያዝ ይፈቀዳል። ለመብላት አይፈቀድም። ደግሞ ውሃው ሲሞላ ከሚደርስበት መስመር ከሃምሳ ሜትር በላይ ይዘኸው መራቅ አትችልም። ለምን ይመስላችኋል? ዛጎሎች የሚበሉት ውሃ እያጣሩ ነው። አንድ መስል ብቻውን በሰዓት አንድ ሊትርና ከዚያም በላይ ውሃ ያጣራል። ውሃው ውስጥ መርዛማ ነገር ካለ ሥጋው ውስጥ ይጠራቀማል። ሰው ወደ ቤቱ ይዞት ከሄደ ድስት ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ስለዚህ ሕጉ "እዚሁ ተጠቀምበት፣ ቤትህ አይግባ" አለ። አንዲት ቁጥር ዛጎሉንም ሰውየውንም ታድናለች። እንዴት ደስ ይላል! እንዲህ ያለ ሕግ ሳይ ያወጣውን ሰው እጁን ብጨብጠው እላለሁ።

የአክስቴ ልጅ ደርባን ነው የሚኖረው፣ ደቡብ አፍሪካ። እዚያም መዝናኛ ዓሣ አጥማጅ ፈቃድ ያወጣል። በቀን ሃያ የባሕር ጃርት፣ ሠላሳ መስል። ከዚያ በላይ የለም። መስሉን የምታነሳበት ብረት ጠፍጣፋ ጫፉ ከአሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር መስፋት የለበትም። ይህቺን ስሰማ ሳቅኩ፣ ከዚያ አሰብኩበት። መስል ተጣብቆ፣ ተቃቅፎ ነው የሚኖረው። በሰፊ ብረት አንዱን አነሳለሁ ስትል አሥሩን ትገነጥላለህ። ዘጠኙ ማዕበሉ ወስዶ ይጥላቸዋል። ብረቱ ሲጠብ እጅህም አብሮ ይጠነቀቃል።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ። ሐረማያ።

በዕድሜ የገፋችሁ ታስታውሳላችሁ። እኛ "አለማያ" ነበር የምንለው። ከድሬ ዳገቱን ወጥተን ሐይቁ ብቅ ሲል አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ መስኮቱ ይጠጋ ነበር። ጀልባ ነበር። ቆሮሶ ይጠበስ ነበር። ሐረር ከተማ የምትጠጣው ከዚያ ነበር። ታዲያ ምን ሆነ? በ1990ዎቹ ደረቀ። ከብት መዋያ ሆነ። ሐረር ውሃ አጥታ ስንት ዓመት ጄሪካን ተሸከመች? በኋላ ውሃው ከድሬ ጃራ፣ ከእኛው ሥር፣ ተገፍቶ ዳገት ወጣላት።

ማን አደረቀው? አንድ ሰው ነው? አይደለም። አንዱ ለከተማው ቀዳ። አንዱ ለጫቱ ሞተር አስገባ። አንዱ ለድንቹ፣ አንዱ ለሽንኩርቱ። ከተራራው ደግሞ ዛፉ ስላለቀ አፈሩ እየታጠበ ሞላው። እያንዳንዱ ሰው ምን ነበር የሚለው? "ትንሽ ነው የወሰድኩት" ነበር የሚለው። እውነቱን ነው፣ ዋሽቶ አይደለም። ትንሽ ነበር የወሰደው። ገበሬውን አልወቅስም። ልጆቹን ሊያበላ ነው። ግን ማንም አልቆጠረም። የጎደለን ያ ነው። አንድም ቁጥር አልነበረንም። ስንት ሞተር? በሳምንት ስንት ሰዓት? ከየትኛው መስመር ወዲህ? ያቺ ሴትዮ ባልዲዬን ይዛ እንደተቀመጠችው፣ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ የቆጠረ አልነበረም።

አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመለሰ። ባለፈው ሄጄ አየሁት። ዳር ላይ ቆሜ አለቀስኩ። አላፍርበትም።

ሦስተኛው አጭር ነው፣ ግን አደራ እንዳታልፉት። የምትሰኩት ምግብ ከየት መጣ?

አባሎኒ የሚባል ትልቅ የባሕር ቀንድ አውጣ አለ። ሥጋው እጅግ ውድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 መጨረሻ ጀምሮ ሜልበርን ባለችበት በቪክቶሪያ ግዛት የአባሎኒን ነርቭ የሚያጠቃ ቫይረስ ተነሳ። መጀመሪያ እርባታ ውስጥ ታየ፣ በሚቀጥለው ዓመት ባሕሩ ውስጥ ተገኘ። በአንዳንድ ቋጥኝ ላይ አብዛኛውን ፈጀው። ሰውን አይነካም፣ አባሎኒውን ግን ይጨርሳል። አጥማጅ ደግሞ ሥጋውን ለራሱ አስቀርቶ የሆድ ዕቃውን መንጠቆ ላይ ይሰካ ነበር። በሽታውን ከአንዱ ባሕር ወደ ሌላው በእጁ ተሸክሞ እየወሰደ! ለዚህ ነው ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ የአባሎኒ አንጀት ለመንጠቆ መጠቀም የተከለከለው።

እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ደግሞ በአውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ ግዛት ውስጥ፣ ሎጋን በሚባል ወንዝ ዳር ያሉ፣ ሽሪምፕ የሚባለው ትንሽ የውሃ ፍጥረት እርባታዎች በነጭ ነጠብጣብ በሽታ ተመቱ። ያለውን ሽሪምፕ ሁሉ ማስወገድ ግድ ሆነ። ከተጠረጠሩት መንገዶች አንዱ ከውጭ የመጣ፣ ለምግብ የተሸጠ ጥሬ ሽሪምፕ መንጠቆ ላይ መዋሉ ነው። ለወጥ የተገዛ ሽሪምፕ ለመንጠቆ አይሆንም የሚሉት ለዚህ ነው።

ይህ የማይገባው የሐረርጌ ሰው አለ? ፈረምሲሳ የሚባለውን አረም የማያውቅ እጁን ያውጣ። ማንም የለም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው እዚህ የታየው። ከእርዳታ እህል ጋር ሳይመጣ አልቀረም ይባላል። ማንም ልብ ያላለው ጥቂት ዘር ነበር። ዛሬ የግጦሹን መሬት፣ የማሳውን ዳር፣ የመንገዱን ጠርዝ ሁሉ ወርሶታል። ገበሬው "መሬትህን ፈርመህ አስረክብ" እንደሚል ዕዳ ቆጥሮት ነው "ፈረምሲሳ" ያለው። እንግዲህ ከሌላ ሐይቅ የመጣ ቀንድ አውጣ፣ ከሌላ ወንዝ የመጣ ትንሽ ዓሣ በባልዲ ይዛችሁ ሐረማያ ላይ ብትደፉ ምን እንደምትዘሩ ታውቃላችሁ? ቀንድ አውጣ ደግሞ የቢልሃርዚያን ትል ተሸክሞ ሊመጣ ይችላል። ልጆች የሚዋኙበት ውሃ ነው።

አገራችን ሕግ የላትም እንዳትሉ። የዓሣ ሀብት አዋጅ አለን፣ ቁጥር 315/1995። ፈልጋችሁ አንብቡት። አባቶቻችን ብርብራ ፈጭተው ውሃ ላይ እየበተኑ ዓሣውን አደንዝዘው ያወጡ እንደነበር ታውቃላችሁ። ትልቁም ትንሹም፣ እንቁላል የያዘውም አብሮ ይንሳፈፋል። ከዚያ ይሻላል መንጠቆ። መንጠቆ ሰውን ትዕግሥት ያስተምረዋል። የመንጠቆን ምግብ በሚመለከት ግን እያንዳንዷን ዝርዝር አዋጅ እስኪነግራችሁ አትጠብቁ። ለሐረማያ የራሳችሁን ቁጥር ራሳችሁ አውጡ። እለምናችኋለሁ። አራታችሁም እዚህ አላችሁ አይደል? አየኋችሁ።

ነገ ስትወጡ እንዲህ አድርጉ። ትሉን ከዳር ስትቆፍሩ ለቀኑ የሚበቃችሁን ብቻ። ጉድጓዱን ድፈኑት። ድንጋይ ከገለበጣችሁ መልሱት። ከሩቅ ቦታ በሕይወት ያለ ነገር ይዛችሁ አትሂዱ። ሊጥም ይሠራል፣ እኔ በልጅነቴ በሊጥ ነው ቆሮሶ የያዝኩት፣ እናቴ ከቡሃቃው ቆንጥራ ትሰጠኝ ነበር። የተረፈውን ምግብ ውሃው ላይ አትድፉ፣ መልሳችሁ ይዛችሁ ኑ። ደግሞ ደብተር ያዙ። ስንት ሰው መጣ፣ ስንት ዓሣ ወጣ፣ ምን ያህል ነው፣ በምን ተያዘ። ቀኑን ጻፉ። በየእሁዱ። ዓመት ሙሉ ከጻፋችሁ የምታውቁትን የሚያውቅ ሌላ ሰው አይኖርም። ያኔ ደብተራችሁን ይዛችሁ ዩኒቨርሲቲው እዚያው አጠገባችሁ ነው፣ ግቡና አሳዩ። እኔም አብሬያችሁ እገባለሁ።

አሁን ይህን ካርቶን ከፍቼ ላሳያችሁ። የባሕር ጃርት ቅርፊት ነው። እሾሁ ረግፏል። የዚያን ቀን ጅቡቲ ላይ ሽማግሌው ባዶውን ከአሸዋ አንስተው "እንካ፣ እንዳትቀየመው" ብለው የሰጡኝ ነው። ስንት አገር አብሮኝ ዞሯል። እዩት፣ ነጥቦቹ በአምስት መስመር ነው የተሰደሩት፣ የሐረር ሞሶብ የመሰለ። ከፊት ጀምራችሁ ወደ ኋላ አሳልፉት። እንደ እንቁላል ነው፣ በሁለት እጃችሁ ያዙት። እሱ እየዞረ ሳለ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ። አንቺ ልጅ፣ ቅድም እጅሽን አውጥተሽ ነበር፣ ተነሺ።